የሃንቲንግተን ደዌ ከስውር ወደ ግልጥ የወጣበት ታሪክ

ከደዌ ብዙው ሰውን ያሳዝናል፤ ጥቂቱ ግን ከማሳዘኑ አስቀድሞ ያሳፍራል። የሚያሳፍር ደዌም የሚያሳዝነውን ያህል ረዳት አያገኝም፤ ቤተ ሰቡ በሩን ዘግቶ ይሸሽገዋልና። ከእንዲህ ያለው ደዌ አንዱ ሐኪሞች የሃንቲንግተን ደዌ ብለው የሚጠሩት ነው። የዚህ ደዌ ቤተ ሰቦች በራቸውን እንዴት እንደ ከፈቱ፣ ገንዘባቸውንም ደማቸውንም እንዴት እንዳዋጡ በዚህ በበዓል መጽሐፋችን ለካህናትና ለምእመናን ልንጽፍ ወደድን። የምንጠራቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ ደዌው ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ሰውየው እስከ ሠላሳ ወይም እስከ አርባ ዓመት ድረስ እንደ ማንኛውም ሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ከዚያ በኋላ ጣቶቹ ያለ ፈቃዱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ትከሻው ይነቀነቃል፤ አረማመዱ የሰካራም ይመስላል። የሚያውቀውን ይረሳል፤ የዋህ የነበረው ቍጡ፣ ደስተኛ የነበረው ትካዘኛ ይሆናል። በመጨረሻም መናገርና መዋጥ ይሳነዋል፤ ከጀመረውም አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ደዌው በአንጎል ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን መወረሱ ነው። አባት ወይም እናት ይህ ደዌ ካለባቸው፣ ከልጆቻቸው እያንዳንዱ የመውረሱ ነገር እንደ ዕጣ እኩሌታ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም። ያልወረሰው ልጅ ነጻ ነው፤ ለልጆቹም አያስተላልፍም። ይህ ግን በፊቱ ተጽፎ አይታይም፤ ስለዚህ ልጁ እናቱን ወይም አባቱን እስከ ሞት ካስታመመ በኋላ ተራው የእርሱ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ይኖራል። ከአውሮፓ በሚወለዱ ሕዝቦች ዘንድ ከመቶ ሺህ ሰው ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይገኛል፤ በአፍሪካና በምሥራቅ እስያ ግን ከዚህ ያነሰ ነው።

ስሙ አስቀድሞ ኮሬያ ነበረ። ኮሬያ በግሪክ ቋንቋ ዘፈን ማለት ነው፤ በግእዝም ዘፈነ ማለት በእግር መዝለልን ይጨምራልና ትርጓሜው ይስማማል። በሌላም ስም የቅዱስ ዊቶስ ዘፈን ይሉት ነበር። ዘፋኝ በፈቃዱ ይዘልላል፤ ይህ ሰው ግን ሳይፈቅድ ይዘልላል። ስሙን ያወጣው ሰው እንቅስቃሴውን አየ እንጂ የሰውየውን ፊት አላየም ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

ጆርጅ ሃንቲንግተን በ1850 ከኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ፣ ኢስት ሃምፕተን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱም አያቱም በዚያችው መንደር ሐኪሞች ነበሩ። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በጋሪ ሲሄድ ሁለት ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ ረዣዥሞችና እጅግ የከሱ፣ ሰውነታቸው እየተጣመመና ፊታቸው እየተኰሳተረ በመንገድ ላይ አገኘ፤ አባቱም ቆሞ አነጋገራቸው። ይህን ያየ ልጅ አልረሳውም። በ1871 የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ፤ በየካቲት 1872፣ ገና 22 ዓመት ሳይሞላው፣ በኦሃዮ ግዛት በሚድልፖርት ከተማ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት አንዲት ጽሑፍ አነበበ። ጽሑፏ በሚበዛው ክፍሏ ስለ ሌላው፣ በሕፃናት ላይ ስለሚታየው ኮሬያ ትናገራለች፤ ስለ ኢስት ሃምፕተን ደዌ የተናገረው በፍጻሜው ላይ በጥቂት አንቀጽ ብቻ ነው። በዚያች ጥቂት አንቀጽ ግን ሦስት ምልክት አስቀመጠ፤ ደዌው በዘር እንደሚወርድ፣ አእምሮን እንደሚያናውጥና ራስን ወደ መግደል እንደሚያዘነብል፣ በጐልማሳነትም እንደሚገለጥ። ይህን ያወቀው በራሱ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ አያቱና አባቱ ትተውለት ከሄዱት ማስታወሻ ነው። ሦስት ትውልድ በአንድ መንደር ያከሙ ሐኪሞች ባይኖሩ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርደውን ደዌ ማን ጠንቅቆ ባየው ነበር? ሃንቲንግተን ራሱ ከዚህ በኋላ የአገር ቤት ሐኪም ሆኖ ኖረ፤ በ1916ም ሞተ።

ደዌው ስም ካገኘ በኋላ ቤተ ሰቦቹ ዕረፍት ያገኙ ይመስል ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1916 ቻርልስ ዳቨንፖርት የሚባል አሜሪካዊ የዘር መራጮች መምህር የሕሙማኑን ትውልድ ቈጥሮ አሳተመ፤ ዓላማውም እንዲህ ያለው ዘር እንዳይበዛ መከልከል ነበር። በ1932 ደግሞ ፐርሲ ቬሲ የሚባል ሐኪም የነዚህ ቤተ ሰቦች አያቶች ከእንግሊዝ አገር የመጡ፣ በአሜሪካም ጠንቋዮች ተብለው የተከሰሱ ናቸው ብሎ ጻፈ። ኋላ የመጡ ታሪክ ጸሐፊዎች ቢመረምሩት ነገሩ በማስረጃ የማይቆም ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ሐሰት በእግሯ ስትሮጥ እውነት ጫማዋን ትፈልጋለች፤ በሐኪሞች መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ዘመን ሲገለበጥ ኖረ። በ1933 በጀርመን የወጣው የናዚዎች ሕግ ደግሞ በግድ እንዲመክኑ ከተፈረደባቸው ሕሙማን መካከል የሃንቲንግተንን ሕሙማን በስም ጠርቶ አስገባ። እንግዲህ ስሙ በመዝገብ ከተጻፈ መከራ የሚመጣበት ሰው ስሙን ቢሸሽግ ማን ይፈርድበታል?

ይህ መሸሸግ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ ቈጠራው ሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ ነው። በጐን ደግሞ በለሆሳስ የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በዘራቸው ቍምጥና ያለባቸው እንደ ሆነ። ቍምጥና በዘር የሚወርድ አለመሆኑን ሐኪሞች ካስረዱ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። በዘር የማይወርደው እንዲህ ከተሸሸገ፣ በእውነት በዘር የሚወርደው ምን ያህል ይሸሸግ!

መሸሸጉን የሰበረችው አንዲት ሴት ናት። ዉዲ ጋትሪ የሚባለው ዘማሪ በ1912 በኦክላሆማ ግዛት ኦኬማ በምትባል ከተማ ተወለደ። እናቱ ጠባይዋ እየተለወጠ ስትሄድ የሰፈሩ ሰው አብዳለች አለ፤ በ1927 ወደ እብዶች ሆስፒታል አስገቧት፤ በ1930 እዚያው ሞተች። ልጁ ጊታሩን ይዞ በአሜሪካ ሁሉ ዞረ፤ አፈሩ በነፋስ ተጠርጎ ለስደት የተዳረገውን ገበሬ ችግር ዘመረ፤ ዛሬ የአሜሪካ ልጆች በትምህርት ቤት የሚዘምሩትን ስለ አገሩ ምድር የጻፈውን መዝሙርም በ1940 ደረሰ። ከዚህ በኋላ እጁ ጊታሩን መያዝ ተሳነው። አንዱ ሐኪም መጠጥ ነው አለው፤ ሌላው የአእምሮ ሕመም ነው አለው፤ በ1952 እውነተኛው ስም ተነገረው። ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየተዛወረ በጥቅምት 3 ቀን 1967 በ55 ዓመቱ ሞተ።

ማርጆሪ ሚስቱ ነበረች፤ ጋብቻቸው ቢፈርስም እስኪሞት ድረስ መጠየቁን አልተወችም። ሥራዋም ዘፈን ነበረ፤ በዝነኛዋ በማርታ ግሬሃም ጓድ ውስጥ ታገለግል ነበር። የቅኔ ተማሪ ይህን ቢሰማ ኅብር አገኘሁ ይላል፤ በፈቃድዋ የምትዘፍነው ሴት ያለ ፈቃዱ የሚዘፍነውን ባልዋን አስታመመች። በ1967 ከጥቂት ቤተ ሰቦች ጋር ሆና የሃንቲንግተንን ደዌ የሚዋጋ ኮሚቴ አቋቋመች፤ በእኛ ቋንቋ ዕድር ልንለው እንችላለን። እንደ እኔ አስተያየት የዚህች ሴት ትልቁ ጥበብ ገንዘብ ከመለመኗ በፊት ሰው መለመኗ ነው። በየከተማው እየዞረች ትናገር ነበር፤ አንድ ሰው ተነሥቶ በእኛም ቤት አለ ካለ ማኅበሩ በዚያ ከተማ ተተከለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ ራሱ መጣ። በ1968 በኒው ዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ፣ በ1970 በካሊፎርኒያ በሆሊውድ ቦውል የሟቹ ጓደኞችና ተከታዮች፣ ቦብ ዲላን ጭምር በካርኔጊው ተገኝቶ፣ መዝሙሮቹን ዘመሩ፤ የካሊፎርኒያውም ጉባኤ ለዚሁ ማኅበር ርዳታ የተደረገ ነበር። በሕይወቱ ሳለ ለሥራ አጡና ለስደተኛው የጻፈው መዝሙር ከሞተ በኋላ ለደዌ ወንድሞቹ እንጀራ ሆነ።

ማርጆሪ ወደ ሕግ መወሰኛውም ምክር ቤት ሄደች። መንግሥት የሃንቲንግተንን ደዌና የሚያስከትለውን ችግር የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁሞ እርስዋን ሊቀ መንበር አደረጋት፤ ኮሚሽኑ በየግዛቱ የቤተ ሰቦችን ቃል ሰምቶ በ1977 ዘገባውን አቀረበ። እርስዋ በማርች 1983 ሞተች፤ ከስምንት ወር በኋላ የሚሰማውን ታላቅ ወሬ ሳትሰማ ቀረች። ማኅበሩ ዛሬ የአሜሪካ የሃንቲንግተን ደዌ ማኅበር ተብሎ ይኖራል፤ ከ2007 ጀምሮም ሰዎች በየከተማው በእግር እየሄዱ ገንዘብ የሚያዋጡበትን ጕዞ በተስፋ ስም ያደርጋል።

በዚያው ዘመን በሎስ አንጀለስ ሌላ ቤት ነበረ። በ1968 ሊዮኖር ዌክስለር የምትባል ሴት ለፍርድ ሸንጎ ተጠርታ በጧት መንገድ ስትሻገር አንድ ፖሊስ አያትና በዚህ ሰዓት መስከር አታፍሪምን በሚል አነጋገር ገሠጻት። መጠጥ አልቀመሰችም ነበር። አባቷና ሦስት ወንድሞቿ የሞቱበት ደዌ ደርሶባት ነበር። ባሏ ሚልተን ዌክስለር የነፍስን ሕመም የሚያክም ሰው ነበር፤ ሁለቱን ሴቶች ልጆቹን አሊስንና ናንሲን ጠርቶ ዕጣቸው እኩሌታ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያም ለምርምር የሚሆን ድርጅት አቆመ፤ እንደ ፍራንክ ጌሪ ያሉ ዝነኞች የጥበብ ሰዎች ረዱት። ገንዘቡንም ያዋለበት መንገድ እንግዳ ነበር። ወጣቶችን ሊቃውንት በትንሽ ክፍል ሰብስቦ፣ የተዘጋጀ ንግግር ማንበብን ከልክሎ፣ የሚያስቡትን ሁሉ እንዲከራከሩበት ያደርግ ነበር። ጉባኤ ቤት ያደገ ሰው ይህን አሠራር አይስተውም፤ ዕውቀት ከተጻፈው ይልቅ በጥያቄና በመልስ መካከል ይወለዳል።

ወደ ማራካይቦ እንለፍ፤ የዚህ ታሪክ ልብ በዚያ ነውና። በቬኔዝዌላ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር ድኾች ዓሣ አጥማጆች ይኖራሉ። በ1952 አሜሪኮ ኔግሬቴ የሚባል ወጣት ሐኪም ሳን ሉዊስ ወደሚባለው ሰፈር ተሾመ። በመንገድ ላይ እየተንገዳገዱ የሚሄዱትን ብዙ ሰዎች ቢያይ ሰካራሞች መሰሉት፤ የሰፈሩ ሰዎች ግን ይህ የሳን ቪቶ ደዌ እንጂ መጠጥ አይደለም ብለው አስረዱት። ተመራምሮም የሃንቲንግተን ደዌ መሆኑን ዐወቀ፤ በ1955 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በውጭ አገር ያነበበው ጥቂት ነበር። በ1972፣ የሃንቲንግተን ጽሑፍ መቶ ዓመት ሲሞላው፣ በኦሃዮ በተደረገው ጉባኤ ራሞን አቪላ ሂሮን የሚባል ቬኔዝዌላዊ ሐኪም የነዚህን ሰዎች ሥዕል በፊልም አሳየ፤ በጉባኤውም መካከል ናንሲ ዌክስለር ነበረች።

ናንሲ በ1979 ወደዚያ ሄደች፤ ከ1981 ጀምሮ ብዙ ዓመት ከጓደኞቿ ጋር በየዓመቱ ተመላለሰች። ባራንኪታስ በሚባለው መንደር፣ ላጉኔታ በሚባለውም፣ ቤቶች በውሃ ላይ በእንጨት ቆመው በሚኖሩበት፣ እየዞረች ማን ከማን እንደ ተወለደ ጻፈች። የእኛ ሽማግሎች ሰባት ቤት ሲቈጥሩ እነዚህ አሥር ትውልድ ቈጠሩ፤ የተጻፈውም ሰው ከ18,000 በላይ ሆነ፤ አብዛኛውም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከኖረች ከአንዲት ሴት የሚወለድ ነው። ቀጥሎ ደም መለመን መጣ። ሰዎቹ ፈሩ፤ እንግዳ መጥቶ ደማችንን ስለ ምን ይቀዳል አሉ። ናንሲ ክንዷን አሳየቻቸው፤ ከራሷ ሥጋ ለምርመራ ቈዳ የተቈረጠበት ጠባሳ ነበረባት። አብራት ያለችው ነርስም ክንዷን ይዛ በሰዎቹ መካከል እያዞረች ይህችም ሴት እንደ እናንተ ናት፣ በቤቷ ይህ ደዌ አለ እያለች አስረዳቻቸው። ከዚያ በኋላ ሰጡ። ከ4,000 በላይ ሰዎች ደማቸውን ሰጡ። ባዶ እጃቸውን የነበሩ ሰዎች ለዓለም ያዋጡት ይህን ነው፤ በካርኔጊ አዳራሽ ከተሰበሰበው ገንዘብ ይልቅ ይህ መዋጮ ይከብድብኛል።

ደሙ ወደ ቦስተን ተላከ፤ ጄምስ ጉሴላ የሚባል ወጣት ሊቅ መረመረው። ምልክቱ ብዙ ዓመት ይፈጃል ሲባል በኖቬምበር 1983 ተገኘ፤ ደዌውን የሚያመጣው ነገር ክሮሞሶም ከሚሏቸው የዘር መዛግብት በአራተኛው ላይ እንዳለ ታወቀ። ቦታውን ማወቅ ግን ነገሩን ማወቅ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ አሥር ዓመት ፈጀ። በማርች 1993 ስድስት ጓዶች፣ 58 ሊቃውንት፣ ዘረ መሉን አገኘን ብለው በኅብረት ጻፉ።

የተገኘውን ነገር ለካህናት በሚቀርብ ምሳሌ ላስረዳ። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ዓይኑ ተሳስቶ የጻፈውን ቃል ደግሞ ይጽፈዋል፤ ይህን ከእኛ ውስጥ ያላየ የለም። በሰው ሁሉ ዘረ መል ውስጥ በዚያ ስፍራ ሲ፣ ኤ፣ ጂ ተብለው የሚጠሩ ሦስት ፊደላት ተደጋግመው ተጽፈዋል። ድግግሙ ከ27 ያነሰ እንደ ሆነ ጤና ነው፤ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ዕድሜው ከፈቀደለት ደዌው ይደርስበታል። ድግግሙ በበዛ መጠንም ደዌው ቀደም ብሎ ይመጣል። ይህን ቅጂ ይዞ የሚገለብጠው ሁለተኛው ጸሐፊ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ይጨምርበታል፤ ይልቁንም ደዌው ከአባት ሲወረስ ድግግሙ እየረዘመ መሄዱ ተመርምሮ ታውቋል። በብራናው ላይ የበዛውን ቃል ፍቀን እናርመዋለን፤ ይህን ግን ፍቆ የሚያርመውን መላ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ እየፈለጉ ነው።

እንግዲህ ደም በማስመርመር ዕጣን አስቀድሞ ማወቅ ተቻለ። ሰው ሁሉ ሊያውቅ የሚሮጥ ይመስል ነበር፤ ዕድሉ ካላቸው አብዛኞቹ ግን አለማወቅን መረጡ። ይህን ፍርሃት የሚሉ አሉ። እኔ ፍርሃት አልለውም። መድኃኒት በሌለበት ዕውቀት ሸክም ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመውም እርሱ እንጂ መካሪው አይደለም።

በ2014 በጋ በሌላ የነርቭ ደዌ ምክንያት፣ ጡንቻን ሁሉ በሚያደክመው ኤ ኤል ኤስ በሚባለው፣ ሰዎች በራሳቸው ላይ የበረዶ ውሃ እያፈሰሱ ገንዘብ ሲያዋጡ ዓለም ሁሉ አይቷል። ለአሜሪካው ማኅበር በጥቂት ሳምንት 115 ሚሊዮን ዶላር ገባለት፤ በዚያም ገንዘብ ከተረዱት ምርምሮች አንዱ በ2016 ከደዌው ጋር የተያያዘ ዘረ መል አገኘ። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን ውሃው በአንድ በጋ ፈሰሰ፤ የማራካይቦው መዝገብ በሃያ ዓመት ተጻፈ። ሁለቱን አመዛዝኖ ማየት ለአንባቢ ነው።

የማራካይቦ ሰዎች ለሰጡት ምን ተቀበሉ? በ1999 በሳን ሉዊስ ሰፈር ሕሙማኑን የሚረዳ ቤት ተከፈተላቸው፤ የፍቅርና የእምነት ቤት የሚል ስም ነበረው፤ ምግብና አልጋ መድኃኒትም ይሰጥ ነበር። ኋላ አገሪቱ በችግር ስትወድቅ ቤቱ ተዘጋ። በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ቴትራቤናዚን የሚባለውን መድኃኒት ፈቀደ፤ ያለ ፈቃድ የሚመጣውን እንቅስቃሴ ያቀልላል እንጂ ደዌውን አያቆምም። በማርች 2021 ደግሞ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ቶሚነርሰን የሚባል መድኃኒት በሕሙማን ላይ ሲፈተን ጥቅሙ ከጕዳቱ አልበለጠም ተብሎ መሰጠቱ ቆመ። የዚህ ደዌ ምርመራ ሁሉ በነርሱ ደም ላይ ተመሥርቶ ሳለ፣ ስማቸው በመጻሕፍት ግርጌ፣ ችግራቸውም በሐይቁ ዳር ቀረ። ይህ ዕዳ እንደ ሆነ መናገር ይገባል፤ የተከፈለም አይመስለኝም።

በሜይ 18 ቀን 2017 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ የዚህን ደዌ ሕሙማንና ቤተ ሰቦቻቸውን በቫቲካን በታላቁ አዳራሽ ተቀበሉ። ነገሩን ካሰናዱት መካከል የኢጣልያ ሕግ መወሰኛ አባልና የደዌው ተመራማሪ የሆነችው ኤሌና ካታኔኦ ነበረች። ከብዙ አገር ሰው መጣ፤ ከቬኔዝዌላና ከኮሎምቢያ የመጡት ድኾች ከዚያ ቀደም ከመንደራቸው ርቀው ያልሄዱ ነበሩ። ሊቀ ጳጳሳቱ ይህ ደዌ ከእንግዲህ ወዲህ አይሰወር የሚል ቃል ተናገሩ፤ ለተመራማሪዎቹም በማኅፀን የተፀነሰውን ሕይወት በማጥፋት መድኃኒት አትፈልጉ አሏቸው። ከዚያ በኋላ ከመንበራቸው ወርደው ወደ ሕሙማኑ ሄደው አቀፏቸው። እጁና ራሱ የማያርፈውን ሰው ማቀፍ ቀላል አይደለም፤ የታቀፈው እንዲረጋ ያቀፈው መታገሥ አለበት።

ናንሲ ዌክስለር ደሟን ትመርመር አትመርመር ለብዙ ዓመት ለሚጠይቋት ሁሉ አልመለሰችም ነበር። በማርች 2020፣ በ74 ዓመቷ፣ ደዌው በእርስዋም እንዳለ ለጋዜጣ ነገረች። አረማመዷንና አነጋገሯን ያዩ ሁሉ አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ እርስዋም ይህንኑ ዐውቃ፣ ሌሎች ሕሙማን እንዳያፍሩ ብላ እንደ ተናገረች ገለጠች።